ደፉን ያልተሻገርኩበት ሐሙስ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፪

ቦርሳዬን ለኡሙ ኻሊል አደራ ሰጠኋት። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ ናት፤ ቤቷ ከእኔ ቤት ማዶ፣ ወደ ሐኪም ቤቶቹ መንገድ መውጫው ላይ ነው። ምን አለበት ስትለኝ ያው የምታውቂው ነው አልኳት፦ መቀሱ፣ ክሩ፣ ሳሙናው፣ የተቀቀለው ጨርቅ፣ የደም ማቆሚያው ጠርሙስ። ልትከፍተው ስትል እጇን መታ አደረግኋት። ሳቀችብኝ። እስላም ናትና አራስ ቤት የገባ ዕቃ ከቤቷ ቢያድር ባያድር አይገዳትም።

እኔን ግን ገደደኝ። በዚህ ሰፈር ያ ቦርሳ ያልገባበት አራስ ቤት የለም። እሱን አልጋዬ ሥር አስቀምጬ፣ አጠገቡ እየሰገድኩ፣ ጸሎተ ሐሙስ ልቆርብ? ገላዬን ታጥቤ፣ ነጭ ልብሴን አጥቤ፣ ቤቴን ጠርጌ፣ ቦርሳው እዚያው ተጋድሞ ሲያየኝ ሊውል ነው። ይሂድልኝ አልኩ። ከፋሲካ በኋላ አመጣዋለሁ።

ሐኪሟ ብትሰማ ምን እንደምትለኝ ስለማውቅ አልነገርኳትም። ሐኪሟ ማለት ያስተማረችኝ ፈረንጅ ናት። የምንግባባው በዐረብኛ ነው፤ የእኔ መጥፎ፣ የእሷ የባሰ። ካስተማረችኝ ሁሉ የምትደጋግመው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ሲወጣ ቤቱ ሁሉ እፎይ ይላል፣ አዋላጅ ግን እፎይ አትልም፤ ደም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ቦርሳሽ ከእጅሽ፣ እጅሽ ከሆዷ አይለይ።

አውቀዋለሁ። ግን እርጉዟ ተዋበች ገና ናት። በእኔ ስሌት ከፋሲካ በኋላ ነው የምትወልደው።

ኢየሩሳሌም ተቀምጬ ፋሲካን ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ካየሁ ስንት ዓመቴ። አንድ ዓመት የገዳሙ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሚስት በሆሳዕና አማጠች። ሌላ ዓመት በስቅለት ዕለት ጠሩኝ። አንድ ጊዜ ሁሉም ሰው ደህና ሆኖ ሳለ ከመንገድ የመጣች ተሳላሚ ዋሻ ውስጥ ወለደች ተባለና ሄድኩ። አራስ ቤት የገባች ሴት ደግሞ ቀኗ እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ አዋላጂቱም እንዲሁ። ወንድ ሲወለድ ቀኑ ያጥራል፣ ሴት ስትወለድ ይረዝማል። እኔ አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይደርሳል። ሁሉም ገብተው ሲያስቀድሱ እኔ ከግቢው ዛፍ ሥር።

ዘንድሮ አይሆንም። የንስሐ አባቴን አስፈቅጃለሁ፣ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። እቆርባለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፳፫

ጉልበቴ አበጠ። ስግደቱ ሳይሆን እርጅናው ነው መሰለኝ፤ አርባን ከተሻገርኩ ወዲህ ጉልበቴ ከእኔ ጋር አይደለም።

ተዋበችን ከጉድጓዱ ውሃ ስትቀዳ አየኋት። ሆዷ ወርዷል። ትናንት እንዲህ አልነበረም። ወገቧን ይዛ ቆም ትልና ትሄዳለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ምንም ያላየሁ ይመስል።

ከዚያ አፍሬ ተመለስኩና እንስራውን ተቀበልኳት። ወገቧን እንደሚያማት ነገረችኝ። ተኚ አልኳት። ቆየሁና ደግሞ የት እንደሚያማት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳት። ልጅ ናት፤ ለእኔ መልስ ስትሰጥ አንገቷን ትደፋለች። የመጀመሪያ ልጇ አገር ቤት ሳሉ ሞቶባታል። ባሏ ኃይሌ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ከገዳሙ በላይ በሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ይውላል። የሚኖሩት ከግቢው አጥር ጋር በተያያዙት ክፍሎች ባንደኛው ነው።

ከእነሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል አደይ ለተብርሃን አለች። ከሐማሴን የመጣች ባልቴት ናት። እስከ ምጽዋ በእግሯ፣ ከዚያ በመርከብ፣ ከያፋ ደግሞ ባቡር ፈርታ ከሞስኮብ አገር ተሳላሚዎች ጋር በእግሯ። ለዚህች አንድ ፋሲካ ብላ ነው የመጣችው። በአገሯ ስንቱን ልጅ አዋልዳለች። ሄድኩና እንዲያው እንደ ዋዛ ጠየቅኳት፦ ምናልባት ነገ ምጥ ቢመጣ፣ ውስጥ ገብታ ብትይዝልኝ፣ እኔ ከደጅ ሆኜ ብነግራት።

ፊቴን አየችኝና «አንቺ ቁረቢ ጓለይ፣ እኔ እገባለሁ» አለችኝ። ጓለይ ማለት በአገሯ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው፤ አደይ ደግሞ እናቴ።

አላሰበችበትም። እኔም እንድታስብበት ጊዜ አልሰጠኋትም። አመስግኜ ወጣሁ፤ በሕማማት ጉልበት አይሳምምና ሳልስማት ቀረሁ።

ዓርብ፣ ስቅለት

ትናንት አልጻፍኩም። ካልጻፍኩት ግን አይወጣልኝም።

ጠዋት ነጭ ልብሴን ለብሼ ሳለሁ ኃይሌ መጣ። ምጡ ጀምሯል። ሁለተኛ ልጇ ነውና እንደማይቆይ አወቅሁ። ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ይደርስልኛል ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ የታሰበኝ ይኸው ነው። እሷ አይደለችም፤ ሰዓቱ ነው።

አደይ ለተብርሃን ገባች። እኔ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ሰብስቤ፣ ጫፉ የበሩን ደፍ እንዳይነካ። ከበሩ እስከ አልጋው ያለው ርቀት እጅ ቢዘረጉበት ሊደረስ ምንም አይቀረው። መጋረጃውን ገልጠውልኝ ፊቷን አያለሁ። ከዚያ ሆኜ አዋለድኳት። እጅሽን ታጠቢ፣ ውሃው ይፍላ፣ አሁን ግፊ፣ አሁን ተንፍሺ። ድምፄ ጥሩ ነበር። ተዋበች በምጧ መካከል እኔን እያየች እሺ ትል ነበር።

ሴት ልጅ። ወዲያው አለቀሰች። ሕማማት ነውና እልል የሚል የለም፤ ኃይሌ ግድግዳውን ተደግፎ በእጁ አፉን ያዘ።

የእንግዴ ልጁም ወጣ። አደይን ወደ ብርሃኑ አንሥተሽ አሳዪኝ አልኳት። አሳየችኝ። ሙሉ ነው፣ የጎደለ ቁራጭ የለውም። ሆዷን እሺላት አልኳት፤ ጠጥሯል ወይ? ጠጥሯል አለች። ልጂቱን ጡት ላይ አድርጊ አልኳት። አደረገች። ሁሉንም ጠየቅሁ። ሁሉም ደህና ነው ተባልኩ። እጅሽን ከሆዷ እንዳታነሺ ብዬ ተነሣሁ።

አሁን ሳስበው እብድ ያደርገኛል። አሮጊቷ ብቻዋን ናት። ልጂቱን ማን ያጥባታል? አጥሚቱን ማን ያፈላል? ጨርቁን ማን ይለውጣል? ሁለት እጅ ነው ያላት። እጅሽን አታንሺ ብሎ መሄድ ሥራ አይባልም።

ቆረብኩ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ጸበሉን ጠጥቼ ወጣሁ። ለብዙ ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው። ደስታውን ለማወቅ ጊዜ አላገኘሁም። ኃይሌ ከግቢው በር ቆሟል። የሸሚዙ እጅጌ ደም ነው። ሚስቱን ስለነካ እሱም መግባት አይችልም። ደጋግሞ ስሜን ጠርቷል አሉ፤ ቅዳሴው ደምቆ ነበርና አልሰማሁም።

«ደሙ እምቢ አለ» አለኝ።

እኔ ቆምኩ። ይህን መጻፍ አለብኝ። የቆረበ ሰው ደም አይነካም። አፌ ውስጥ ቁርባን አለ። የንስሐ አባቴን በዓይኔ ፈለግሁ፣ እሳቸው ገና መቅደስ ውስጥ ናቸው። ልጠይቃቸው? ልጠብቃቸው? ኃይሌ አልለመነኝም። እያየኝ ነበር። ከዚያ እግሬ ሄደ።

ስገባ አደይ አልጋው ሥር ተንበርክካ ሁለት እጇን ተዋበች ሆድ ላይ አድርጋለች። ሆዷ ጠጥሮ ደህና ነበር አለችኝ፣ ልጂቱን አጥቤ ስመለስ ለሰለሰ። ፍራሹ ረጥቧል፣ ምንጣፉም። የተዋበች ከንፈር አመድ መስሏል። ስሟን ስጠራት ዓይኗን ገለጠች እንጂ አላየችኝም። ሆዷን ስነካው ማሕፀኗ እንደ ሊጥ ነው፤ የት እንደሚጀምር የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። አሸሁ። የረጋው ደም ወጣ። ሽንቷን እንድትሸና አደረግን። እንደገና አሸሁ። ጠጠረ፤ እጄን ላላ ሳደርግ መልሶ ለሰለሰ። በመጨረሻ ሐኪሟ ያሳየችኝን አደረግሁ፤ አንዱን እጄን ከውስጥ ጨብጬ፣ አንዱን ከላይ፣ በመካከል ጨምቄ ያዝኩ።

ቦርሳው አልኩ። ኃይሌ ሮጠ። የኡሙ ኻሊል በር ተቆልፏል፤ የታጠበ ልብስ ልታደርስ ከተማ ወርዳለች። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም፤ እጄ እንዳለ ነው፣ ክንዴ ደንዝዟል፣ ጠርሙሱ የት ቀረ እላለሁ። ኃይሌ በመሮው ቁልፉን ሰብሮ ገብቶ አመጣው። ጠብታውን በውሃ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ጠጠረ፣ ጠጥሮም ቀረ። በመድኃኒቱ ይሁን በእጄ አላውቅም።

ሐኪሟ ቤተ ልሔም ናት ተባለ። ነገ ትመለሳለች።

ተዋበች ዛሬ ትተነፍሳለች። ጆሮዬ ይጮኻል ትላለች። ቀና ስትል ትወድቃለች። ጡቷ ምንም የለውም። ልጂቱን በጨርቅ ስኳር ውሃ እያጠባናት ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ፳፮

ትናንት አልሰማሁም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው።

ሰምቻለሁ። ለመቁረብ ከፊቴ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የኃይሌን ድምፅ ለየሁት። «አስካለ!» ብሎ ስሜን ጠራ። ሰው በመካከል ለምን ይጮኻል ብለው ሴቶቹ ዞሩ። እኔ አልዞርኩም። አጥሚት ምን ላድርግበት ሊለኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አጥሚት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ማንም ሰው ስለ አጥሚት እንደዚያ አይጮኽም። ግን ብዞር መውጣት አለብኝ፣ ብወጣ ዘንድሮም ቀረ። ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ።

እዚህ ላይ ማንም የማያነብብኝን ነገር እንኳ ዋሽቼ ጻፍኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ሐኪሟ መጣች። ተዋበችን ዓይኗን ገልጣ አየች፣ ሆዷን ነካች፣ ፍራሹን አየች። ምን ያህል ፈሰሰ ስትለኝ በእጄ አሳየኋት። ሕይወቷ እንደተረፈች፣ ትኩሳት ግን እንደምትፈራ ነገረችኝ። የጉበት መረቅ ስጧት አለች። ነገ ከጾሙ በኋላ ስላት፣ አራስ ጾም የለባትም፣ ዛሬ ስጧት ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ጠርሙሱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ቀለሙ ተለውጧል። የት አስቀምጠሽው ነበር አለችኝ። ፀሐይ ላይ አልኳት። ኡሙ ኻሊል ምን ታድርግ፤ ከፍ ካለ ቦታ ይሁን ብላ መስኮቷ ላይ ነበር ያኖረችው። ሙቀትና ፀሐይ ኃይሉን እንደሚበላው ሐኪሟ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ለምን ፀሐይ ላይ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። አዲስ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ፤ እጄ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኡሙ ኻሊል ስለ ቁልፏ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሴትየዋ ተረፈች ወይ ብቻ አለችኝ።

እሑድ፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተንሥአ።

ዛፉ ሥር። ዘንድሮ ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ አደይ ለተብርሃን አጠገቤ ናት። እሷም አራስ ቤት ገብታለች። ከሐማሴን የመጣችው ለዚህች ቀን ነበር። ከውስጥ ከበሮው ሲመታ በእጇ ጉልበቷን እየመታች አብራ ታዜማለች። ያዘነች አትመስልም። እኔ ልመለከታት አልቻልኩም።

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ልጂቱ ጠባች ወይ ብላ ቀደመችኝ። ሌሊቱን ሁሉ የምታስበው ስለዚያ ነው። የተዋበች ጡት አሁንም ደረቅ ነው። የአትክልተኛው ሚስት ወርቅነሽ አጠባለሁ ብላ ነበር፤ ግን ራሷም እርጉዝ ናት፣ ወተት የላትም።

ሕዝቡ ሲወጣ ሁሉም ወደ እኔ መጣ። ወሬው ደርሷል። ቁርባኗን ይዛ ደም ውስጥ ገባች፣ ነፍስ አዳነች ይላሉ። አንዷ እጄን ሳመችኝ። ሌላዋ ልጇን አምጥታ ባርኪልኝ አለች፤ እኔ ምን ነኝና። ኃይሌም ከበሩ ቆሞ ራሱን ነቀነቀልኝ። ስሜን እንደጠራና እንዳልዞርኩ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱም ቢሆን በጩኸቱ ብዛት አልሰማችኝም ብሎ አምኗል።

የሚያመሰግን ሰው ፊት መቆም እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር። ሆዴን አመመኝ ብዬ ቤቴ ገባሁ። የፋሲካ ዶሮ ላኩልኝ፤ አልበላሁትም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፰

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። በሕማማት ኑዛዜ ስለማይቀበሉ እስከ ዛሬ ጠብቄ ነበር፤ ሲጨንቀኝ ነው የሰነበተው። አባ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰው የሚያውቁት በድምፁ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ የደረጃው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፤ ወደ ውስጥ መግባት አልችልማ።

የሰማሁትን ልናገር ብለው ጀመሩ። ቆርበሽ ደም ስለነካሽ የመጣሽ እንደሆነ ብዙ አልከብድብሽም አሉኝ። ጥቂት ስግደት፣ ጥቂት ዳዊት። እዚያው ላይ ባቆም ኖሮ ይህ ነገር ተዘግቶ ነበር። ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ፣ እሳቸውም ይባርኩኛል።

አላቆምኩም። ስለገባሁ አይደለም የመጣሁት አልኳቸው፤ ስላልገባሁ ነው። ድንጋዩን፣ ቦርሳውን፣ ስሜን ሲጠሩኝ የሄድኩትን አንድ እርምጃ ነገርኳቸው። አባ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩ። እንቅልፍ ወሰዳቸው እንዴ ብዬ ነበር።

«የአዋላጅ ቀኖና መቼ እንደምትመለሺ ነው የሚነግርሽ» አሉኝ። «አትግቢ የሚል እኔ አላነበብኩም።»

ቀኑን እየቆጠርኩ ስንት ዓመት ተቀየምኩ፤ ቀኑ የተሰጠው መግባቴ ታውቆ መሆኑን አንድ ጊዜም አላሰብኩትም። እሳቸውም ቀጥለው ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ ያን ቀን ጩኸቱን መቅደስ ውስጥ ሆነው ሰምተው ኖሯል፣ ዲያቆን ልከው ማስጠየቅ ይገባቸው ነበር፣ አልላኩም። ከዚያ ለሁለታችንም እንዲሆን ስግደት ወሰኑ። የእሳቸው ጉልበት ከእኔም የባሰ ነው።

እፎይ ያልኩ መስሎኝ ወጣሁ። መንገድ ላይ ተመልሶ መጣብኝ። ለአባ ነገርኩ፤ ለተዋበች አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፱

ትኩሳት። ጠዋት ግንባሯ እጄን አቃጠለኝ። ሐኪሟን ጠራኋት፤ ጡቷን ነካካችና ፈገግ አለች። ወተት ሲመጣ እንዲህ ያደርጋል አለች። እስከ ማታ ግን አላመንኳትም። ተቀምጬ ግንባሯን ስነካ፣ ደሙን ስመለከት፣ የጨርቁን ሽታ ሳሸት ዋልኩ።

ወተቱ መጣ። ትንሽ ነው፣ ግን መጣ። ልጂቱ እስኪያልባት ጠባች። አደይ ለተብርሃን አለቀሰች፤ ለፋሲካዋ ያላለቀሰችውን። ዛሬ ጉልበቷን ሳምኩ። ይቅር በይኝም አልኳት። ስለምን እንደሆነ እንኳ አልገባትም፤ ጓለይ ደክሞሻል፣ ሂጂ ተኚ አለችኝ።

ቦርሳው አልጋዬ ሥር ነው። ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከቀዝቃዛው የግድግዳ ቀዳዳ አኑሬዋለሁ። ውሃ ቀጂ ሁለት ሴቶችን ሆድ እንዴት እንደሚታሽ ላሳያቸው አስቤያለሁ። አንዲት አሮጊት ብቻዋን ሁለተኛ አትቀርም።

ነገ ለተዋበች እነግራታለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። አትምጪብኝ ብትል ይገባታል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፴

ነገርኳት። ማለት ጀመርኩ።

ትራስ ደግፋ ተቀምጣ ነበር፣ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዋ። ከንፈሯ ቀለም ይዟል። ልጂቱ ደረቷ ላይ ተኝታለች። ኃይሌ ሥራ ሄዷል፣ አደይ ልብስ ታሰጣለች። ሐሙስ ዕለት ስነሣ ሳልነካሽ ነው የሄድኩት፣ አልኳት። ገብቼ በእጄ ብይዝሽ ኖሮ...

እሷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በዚያ በለመደችው ለስላሳ ድምጿ ጀመረች፦

«እትዬ፣ ከደጃፉ ሲነሡ ሰምቼ ነበር። ደሙ ያን ጊዜም ይወርድ ነበር፤ ከሥሬ ሲሞቀኝ ይታወቀኛል። አደይ ወደ ልጂቱ ዞር ብላለች። ብናገር እንደሚገቡ አውቃለሁ። ስንት ዓመት እንደጠበቁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቁርባንዎን እንዳላስቀርብዎ ብዬ ዝም አልኩ።»

ገና አልጨረሰችም። «ኋላም ደሜን አስነካሁዎ። ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ይቅር ይበሉኝ አለችኝ። እሷ ለእኔ።

ተንበረከክሁና እግሯን ያዝኩ። ስሜን ሲጠራኝ እንደሰማሁ፣ እንዳልዞርኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። በጣም ደንግጣ ይነሡ እትዬ ትለኝ ነበር፤ የምናገረውን የሰማች አይመስለኝም። ያስጨነቃት የእኔ መንበርከክ ነው። የሰማች እንደሆነም አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ ምን ያህል ይቀልለኝ ነበር።

ሐኪሟ ስለ ደም ብዙ አስተምራኛለች። ሴት ልጅ አዋላጇን ላለማስቸገር ስትል ዝም ብላ እንደምትደማ ግን አልነገረችኝም። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ፋሲካ ቀረብኝ እያልኩ፣ በየቤቱ እየተነጫነጭኩ፣ በየጉድጓዱ ዳር እያማረርኩ፣ ሰፈሩን ሁሉ እንዲያዝንልኝ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ይህችም ልጅ አዘነችልኝ።

ከዚያ ወርቅነሽ ዘንድ ሄድኩ። የአትክልተኛው ሚስት፣ ለፍልሰታ የምትወልደው። ጎመን ስትለቅም አገኘኋት። ቁጭ አደረግኋትና ነገርኳት፦ ምጥ ሲጀምር ጥሪኝ። ቅዳሴ ውስጥ ብሆን ከበሩ አስጠሪኝ። ቆርቤ ስወጣ ብታገኚኝም ጥሪኝ። ልጁ ወጥቶ ሁሉ ሰው እፎይ ቢል እንኳ፣ ከሥርሽ ሞቅ ካለሽ፣ የፈለገ ነገር ላይ ልሁን፣ ተናገሪ። ጩኺ። እያየችኝ ሰማችኝ። በደንብ እንደገባት እንድትደግምልኝ አደረግኋት፤ አንድም ሳታስቀር ደገመችልኝ።

ልሄድ ስነሣ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣችና እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

«እሺ እትዬ» አለችኝ። «ለእኔ ብለው ግን አይቸገሩ።»

ነገም ሄጄ እነግራታለሁ።